የሂሳብና ሳይንስ ክበብ፦ አንዲት ሺኛ ያመጣችው ጣጣ

ዘንድሮ ክበባችን ብዙ ጊዜ የሰጠው ለአንድ ጥያቄ ነው። አሠራሩን አሳምረን የምናውቀው ነገር፣ መጨረሻውን መተንበይ የሚያቅተን ለምንድን ነው?

የጀመርነው በካልኩሌተር ነው። በ0 እና በ1 መካከል ያለ ቁጥር ያዙ። እሱን ከ1 ቀንሱ፤ ቀሪውን በያዛችሁት ቁጥር አባዙ፤ ከዚያ በ4። የመጣውን መልሳችሁ አስገቡና ቀጥሉ። ግማሾቹ ከ0.3 ጀመሩ፤ ግማሾቹ ከ0.301። የመጀመሪያው ዙር 0.840 እና 0.842 ሰጠ። ሦስተኛው 0.994 እና 0.996፤ ያው በሉት። በአሥረኛው ግን አንዱ ቡድን 0.04 ሲያገኝ ሌላው 0.62 ላይ ቁጭ ብሏል! "ተሳስታችኋል!" "እናንተ ናችሁ!" ጭቅጭቁ ጦፈ። ደግመው ሠሩት፤ ያው። የተሳሳተ ሰው አልነበረም። ዕጣም ዕድልም የለበትም፤ ያቺ አንዲት ሺኛ ብቻ ነች።

አሜሪካዊው የአየር ሁኔታ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሎሬንዝም እ.ኤ.አ. በ1961 የገጠመው ይኸው ነው። አንድ የአየር ሁኔታ የኮምፒውተር ስሌት ከመሃል ጀምሮ ሊደግም ፈልጎ 0.506 ብሎ አስገባ። ማሽኑ የያዘው ቁጥር ግን 0.506127 ነበር። ቡና ጠጥቶ ሲመለስ አዲሱ ውጤት ከቀድሞው ጋር ጭራሽ አይገናኝም። የዛሬ ወር ማክሰኞ አዘዞ ላይ ይዘንብ እንደሆነ ማንም አፉን ሞልቶ የማይነግረንም ለዚህ ነው። ክረምቱ በሰኔ እንደሚገባ ግን እናውቃለን። ይህ ልዩነት ለእኔ የዓመቱ ትልቁ ትምህርት ነው።

አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው?" ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋን ወደድኩት። እንቁላሉ ግን ጫጩት እንደሚሆን አስቀድመን እናውቃለን። እዚህ የሚፈለፈለው አይታወቅም።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ልጆቹ ባለ ሁለት ክንድ ፔንዱለም ሠሩ፤ አንዱ ክንድ ከሌላው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ክንዶቹ ከጣውላ ቁርጥራጭ፣ ኩሽኔታው ከጋራዥ የተለመነ አሮጌ ነው። ግድግዳው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገው ሁልጊዜ ከዚያው ይለቁታል፤ በስልክም ይቀርጹታል። መጀመሪያ ላይ ቪዲዮዎቹ አንድ ናቸው። ጥቂት ቆይቶ በአንዱ የታችኛው ክንድ ዞሮ ይገለበጣል፤ በሌላው ጫፍ ደርሶ ይመለሳል። የጠመኔው መስመር ውፍረት ብቻውን ለዚህ ይበቃል።

ሁሉም ነገር ግን እንዲህ አይደለም። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ብይ ከየትም ብትለቁት መቆሚያው ታች ነው። የትኛው ነገር እንደ ብዩ፣ የትኛው እንደ ፔንዱለሙ እንደሆነ መለየት የመጪው ዓመት ሥራችን ነው። በግቢው የዝናብ መለኪያም እንተክላለን። መግባት የምትፈልጉ ቤተ ሙከራ መጥታችሁ ተመዝገቡ።