የጣልያንኛ ክበብ ዘንድሮ፦ ከጎሚስታው ደጅ እስከ ሰሌዳው

ዘንድሮ በክበባችን ሰላምታ መሸምደዱን ቀነስ አድርገን ቃላትን መፈታታት ላይ አተኮርን። ልጆቹ ወደዱት፤ እኔም እንደዚያው።

የጀመርነው ቃልን በክፍለ ቃል ከመቁረጥ ነው። ድርብ ተነባቢ ለሁለት ይከፈላል፦ ጎም-ማ፣ ማክ-ኪ-ና። «ስ» ከሌላ ተነባቢ ጋር ስትመጣ ግን አትነጠልም፣ ስለዚህ በጽሑፍ ፓስ-ታ ሳይሆን ፓ-ስታ ነው። ይሄ በጣም አከራክሮናል፤ ጆሮ «ፓስ-ታ» ይላላ!

ማጥበቅና ማላላት ላይ ልጆቻችን ጎበዞች ናቸው። የገና በዓልንና «ገና ነው»ን ለይቶ ላደገ ልጅ፣ ላልቶ «አካፋ» ጠብቆ «ኳስ» የሚሆነው ፓላ አይከብደውም። በእኛ ፊደል ሁለቱም አንድ ዓይነት ይጻፋሉ፣ ጣልያኖቹ ግን «ል»ን ደግመው ይጽፏታል።

የከበደን ድምፁ የሚጫንበትን ቦታ ማወቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከመጨረሻው በፊት ባለው ክፍለ ቃል ላይ ያርፋል፦ መር-ካ-ቶ፣ «ካ» ላይ። ማኪና እና ፋብሪካ ግን መጀመሪያቸው ላይ ይጫናሉ። ምልክት መጻፍ ግዴታ የሚሆነው ጫናው እንደ ካፌ መጨረሻ ላይ ሲወድቅ ነው፤ ለሌላው ጆሮ ወይም መዝገበ ቃላት ያስፈልጋል። አንኮራ «አ» ላይ ከተጫነ መልሕቅ፣ «ኮ» ላይ ከተጫነ «አሁንም» ማለት ነው። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ጮክ ብለን ነው ያነበብነው፣ በጠረጴዛ ምት ጭምር፤ የጎረቤት ክፍሎችን ይቅርታ እንጠይቃለን።

የቃል ምሥረታውን ትምህርት ያገኘነው ከጋራዥ ነው። ልጆቹ በየሰፈራቸው የሰሟቸውን ቃላት ሰብስበው መጡ። ጎሚስታ፣ ጎማ ላይ ባለሙያን የሚያመለክተው «ኢስታ» ተጨምሮበት ነው፤ ባሪስታም እንዲሁ። ላቫጆ የመጣው ማጠብ ከሚለው ላቫሬ ነው። ፓራፋንጎ ደግሞ ሁለት ቃል ነው፣ መከላከልና ጭቃ። ሁላችንንም ያስገረመን ግን ፖርቶመጋላ ነው፦ ፖርታባጋሊ፣ ማለትም «ሻንጣ ተሸካሚ»፣ በአማርኛ አፍ እዚህ ደርሷል። ካዛንቺስም በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት «ካዜ ኢንቺስ» ከተባሉ ቤቶች የቀረ ስም ነው።

ለከርሞ ወደ ግሦች እንሄዳለን። «ይደውላሉ» የሚለው ቴሌፎናኖ «ሌ» ላይ ነው የሚጫነው፣ ከመጨረሻው አራተኛ! ከአሁኑ ተለማመዱት።