ድሃ ቤት፣ ደም ያነሰው ልጅ፦ ቁጥሩ ከየት መጣ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ስለ ደሴ ወይም ስለ ኮምቦልቻ «ከድሃ ቤተሰቦች ይህን ያህሉ ደም ያነሰው ልጅ አላቸው» የሚል ሪፖርት ሲደርሳችሁ፣ ከማተማችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁልን፤ ወጪውን የተናገረውና የልጁ ደም የተመረመረው በአንድ ቤት ነው ወይ? ብዙ ጊዜ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ጥናት ድህነት የሚለካበትን የቤት ወጪ በብር ይቆጥራል፤ በዚያው ዓመት የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ደም ይመረምራል፣ ወጪ ግን አይጠይቅም። የታዩት ቤቶች የተለያዩ ናቸው።

በምሳሌ እንየው። ከ100 ቤቶች 40ው ድሃ፣ 50ው ደም ያነሰው ልጅ ያላቸው ቢሆኑ፣ ሁለቱም ችግር ያለባቸው ከ0 እስከ 40 ሊሆኑ ይችላሉ። በዚህ መካከል ያለው ቁጥር ሁሉ ከሁለቱም ጥናቶች ጋር ይስማማል። «20 ናቸው» (የ50ው 40 ከመቶ) የሚል ሰው ድህነትና ደም ማነስ አይገናኙም ብሎ አስቀድሞ ወስኗል፤ ሊያጣራ የተነሳው ግን ይህንኑ ነበር!

ሁለቱም ጥናቶች የጠየቁት የጋራ ጉዳይ ይረዳል። ቤቶቹን በእናት ትምህርት 50 በ50 እንክፈላቸው። ካልተማሩት 35ቱ ድሃ፣ 35ቱ ደም ያነሰው ልጅ ያላቸው፤ ከተማሩት ደግሞ 5 እና 15 ቢሆኑ፣ በመጀመሪያው ክፍል መደራረቡ ከ20 እስከ 35፣ በሁለተኛው ከ0 እስከ 5 ነው። ድምሩ ከ20 እስከ 40። «አይገናኙም» የሚለው ግምት በየክፍሉ ሲሰላ አሁን 26 (24.5 እና 1.5) ይሰጣል። ናሙናው በአሥር እጥፍ ቢያድግም ይህ ስፋት አይጠብም፤ ሁሉንም ቤት ባለማየት የሚመጣው የናሙና ስህተት ደግሞ በላዩ ይጨመራል።

በጤና ጥናቱ የጎደለውን ወጪ፣ በወጪ ጥናቱ ውስጥ የሚመሳሰል ቤት ፈልጎ ከዚያ መሙላት ከሁሉ የከፋው ነው። የተሞላው ሠንጠረዥ እውነተኛ ይመስላል፣ ሶፍትዌሩም አያጉረመርም።

በሰፈር እናገናኝ ማለትም አያዋጣም። የጤና ጥናቱ ሰፈሮች በካርታ ላይ የሚመዘገቡባቸው ነጥቦች ለምስጢር ሲባል ከተማ ላይ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ይዛወራሉ፤ ደሴ ውስጥ ይህ ሌላ ቀበሌ ሊሆን ይችላል። ወቅቱም ይለያል፦ ደሙ የተወሰደው ከጥር እስከ ሰኔ ነው፣ ወጪው ግን የተጠየቀው ዓመቱን ሙሉ ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። በዕጣ በተመረጡ 400 ቤቶች ሁለቱንም በአንድ ጉብኝት መጠየቅ፣ ውጤቱ 26 ከመቶ ቢሆን፣ የናሙና ስህተቱን ወደ ላይም ወደ ታችም ወደ 4 የመቶኛ ነጥብ ያወርደዋል፤ በቀበሌ ተሰባስበው ከተመረጡ ግን እጥፍ ቤት ሊያስፈልግ ይችላል። እስከዚያው አንድ ቁጥር ሳይሆን፣ በምሳሌው እንዳየነው «ከ20 እስከ 40» ያለውን ስፋት አትማችሁ አውጡልን።

ከደሴ