ለዕድሩ የሙዚቃ ክፍል፤ ከፊኒክስ ለአባቴ የተላከ ደብዳቤ

ፊኒክስ፣ አሪዞና
ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ

አባባ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? የእማማስ እግራቸው እንዴት ሆነላቸው? እኔም ባለቤቴም ልጃችንም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብን ነገር የለም።

በወንድሜ ስልክ የላኩልኝን የድምፅ መልእክት ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አዳመጥኩት። የዕድሩ አባላት ከአዳራሹ ጎን ያለውን፣ ድንኳኑና አግዳሚ ወንበሩ ይቀመጥበት የነበረውን ክፍል ለሙዚቃ መሣሪያዎች ማሳያ እንዲሆን ፈቅደው ለእርስዎና ለሁለቱ ጡረተኛ ባልደረቦችዎ አደራ መስጠታቸውን ስሰማ እንባዬ መጣ። «አንቺ ባለሽበት ከተማ ትልቅ የሙዚቃ ሙዚየም አለ ይባላል፤ ሰው እንዴት ይመጣለታል? የመጣውስ ምን አግኝቶ ይመለሳል?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። በስልክ ከምመልስ ይልቅ ቦታውን እንደገና ጎብኝቼ፣ አስቤበት በጽሑፍ ብልክ ይሻላል ብዬ ይህን ጻፍኩ። ለባልደረቦችዎም ጮክ ብለው እንዲያነቡላቸው እለምናለሁ።

የሙዚቃ መሣሪያዎች ሙዚየም ተብሎ የሚጠራው ይህ ቤት የተከፈተው በ2002 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ነው። ያቋቋሙት ቦብ ኡልሪክ የሚባሉ፣ ታርጌት የተባለውን ታላቅ የመደብሮች ኩባንያ ይመሩ የነበሩ ሰው ናቸው። የአፍሪካን የሥነ ጥበብ ሥራዎች ይሰበስቡ ስለነበር በመጀመሪያ ያሰቡት የሥነ ጥበብ ሙዚየም ለማቋቋም ነበር፤ ብራስልስ ውስጥ የሚገኘውን፣ እ.ኤ.አ. በ1877 የተመሠረተውን የሙዚቃ መሣሪያዎች ሙዚየም ካዩ በኋላ ግን ሐሳባቸውን ለወጡ። ዛሬ በዚህ ቤት ውስጥ ከ200 ገደማ አገሮችና ግዛቶች የተሰበሰቡ በሺዎች የሚቆጠሩ መሣሪያዎች ይታያሉ። የገንዘቡንና የሕንፃውን ነገር ብዙ አልጽፍልዎትም፤ ለእኛ ክፍል የሚጠቅመን እሱ አይደለም።

የሚጠቅመን የመግቢያው አሠራር ነው። እያንዳንዱ ጎብኚ ገና ሲገባ የጆሮ ማዳመጫ ይሰጠዋል። ከአንድ አገር ማሳያ ፊት ሲቆም፣ አንዳች ቁልፍ ሳይነካ፣ የዚያ አገር ሙዚቃ በጆሮው መፍሰስ ይጀምራል፤ ጥቂት ሲራመድ ያኛው ይደበዝዝና የቀጣዩ አገር ድምፅ ይተካዋል። ከመሣሪያዎቹ አጠገብ በተሰቀለው ስክሪን ላይ ደግሞ መሣሪያው በገዛ አገሩ፣ በባለሙያው እጅ፣ በሠርጉ ወይም በጸሎቱ ቦታ ሲጫወት ይታያል። ጽሑፍም አለ፤ ግን አጭር ነው፣ የሚነበበውም ከሰሙት በኋላ ነው። ሰው የሰማውን ነገር ስም ለማወቅ ይጓጓል፤ ስሙን ብቻ ያነበበ ግን ድምፁን ለመፈለግ ያን ያህል አይደክምም። በእኔ አስተያየት የዚህ ቤት ትልቁ ጥበብ ይህ ቅደም ተከተል ነው።

ይህን ስጽፍ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በልጅነቴ ስድስት ኪሎ፣ ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረውና ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በሚገኝበት ግቢ፣ እጄን ይዘው ሙዚየሙን አስጎብኝተውኝ ነበር። ከመሣሪያዎቹ ፊት ስንደርስ እርስዎ ጎንበስ ብለው የእያንዳንዱን ድምፅ በአፍዎ እያወጡ በጆሮዬ አሰሙኝ፤ ለክራሩ አንድ ዓይነት፣ ለማሲንቆው ሌላ ዓይነት፣ ለበገናው ደግሞ ከደረትዎ የሚወጣ ወፍራም ድምፅ። እዚህ አገር ያንን ማዳመጫ ባጠለቅኩ ቁጥር የምሰማው የእርስዎን ትንፋሽ ነው።

አሁን የልጅ ልጅዎን ነገር ላጫውትዎት። ስድስት ዓመት ሞልቶታል፤ በገና በዓይኑ አይቶ አያውቅም ነበር። ባለፈው ወር ይዤው ሄድኩና ከኢትዮጵያ ማሳያ ፊት አቆምኩት። ገና ድምፁ ሲጀምር ዓይኑን አፍጥጦ አየኝና «እማዬ፣ ውስጡ ንብ አለ?» አለኝ። እኔም ንዝረቱ የሚመጣው በጅማቱና ጅማቱን በሚደግፈው በርኩማ መካከል ከሚገባው እንዝራ ከተባለው ቁራጭ ቆዳ መሆኑን፣ ከአንጀት የተሠሩት ጅማቶች ዐሥር መሆናቸውን፣ አያቱም ይህንኑ መሣሪያ ቤታቸው ግድግዳ ላይ እንደሰቀሉት ነገርኩት። ለካስ አጠገባችን የቆሙ አንድ አዛውንት አሜሪካዊ ማዳመጫቸውን አውልቀው እኛን ሲያዳምጡ ኖረዋል። በአማርኛ ያልኩትን በእንግሊዝኛ እንድደግምላቸው ጠየቁኝ። መቼ እንደሚደረደር፣ ሴቶችም ይደረድሩት እንደሆነ፣ በዐቢይ ጾም ለምን ዘፈኑ ዝም ብሎ በገናው እንደሚሰማ አንድ በአንድ ጠየቁ፤ እኔም የማውቀውን ያህል መለስኩ። ሲሰናበቱ ተመልሰው በገናው ፊት ቆሙና ከመጀመሪያው አዳመጡት። በዚያች ሩብ ሰዓት እኔ፣ በዚህ አገር ሁልጊዜ ጠያቂ ሆኜ የምኖር ሰው፣ ተጠያቂ ሆንኩ። ሙዚየሙ ሰውን ከራሱ ጋር የሚያስተሳስረው በዚህ መንገድ ይመስለኛል፤ ጎብኚውን እንግዳ ብቻ አያደርገውም፣ የሚያውቀውን ይዞ የሚመጣ ባለቤትም ያደርገዋል።

ሆኖም ዓለምን ሁሉ ለማሰማት የተሠራ ቤት ለአንዱ መሣሪያ የሚሰጠው ጊዜ አጭር መሆኑ አይቀርም። በገና ደግሞ በቁንጽል የሚሰማ ነገር እንዳልሆነ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ፤ አድማጩ ተረጋግቶ እስኪቀመጥ ድረስ እንኳ ጊዜ ይፈልጋል። የእናንተ ክፍል ከዚህኛው የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው፤ ደርዳሪው በሕይወት አለ፣ አግዳሚ ወንበሩም አለ።

ልጆችን በሚመለከት ደግሞ ለብቻው የተዘጋጀ ክፍል አላቸው፤ እዚያ የሚቀመጡት መሣሪያዎች የሚነኩ ናቸው። ከበሮውን ይመቱታል፣ በገመድ የተንጠለጠለውን ትልቅ ደወል መሰል ናስ ይደልቁታል፣ በገናችንን ከሩቅ የሚመስለውን ሃርፕ ይነካኩታል። ጫጫታው ለትልቅ ሰው ይከብዳል፤ የሚቆጣ ግን አላየሁም። ልጄ ከዚያ ክፍል አልወጣም ብሎ አለቀሰብኝ። የትምህርት ቤት አውቶቡሶች ተማሪዎችን ያመጣሉ፣ ገና መራመድ ላልጀመሩ ሕፃናት እንኳ ከእናቶቻቸው ጋር የሚዘምሩበት ጊዜ ተመድቧል። አባባ፣ ከክፍሉ ውስጥ ቢያንስ አንድ ክራር፣ አንድ ማሲንቆና አንድ ከበሮ «እባካችሁ አትንኩ» የሚባልባቸው ሳይሆኑ «ንኩ» የሚባልባቸው ይሁኑ። ይሰበር ይሆናል፤ ይሰበር። የማሲንቆ ጭራ ይበጠሳል፣ ይቀጠላል። የእርስዎ የአያትዎ በገና ግን በመስታወት ውስጥ ይቀመጥ፤ እሱን የሚነካው እርስዎ ብቻ ይሁኑ።

መሣሪያ ከየት እናመጣለን ብለው እንደሚጨነቁ ወንድሜ ነግሮኛል። እዚህ ሙዚየም ውስጥ ብዙ ሰው ከሚቆምባቸው ማሳያዎች አንዱ የፓራጓይ ነው። በዋና ከተማዋ በአሱንሲዮን ካቴውራ የሚባል የቆሻሻ መጣያ ሰፈር አለ፤ በዚያ የሚኖሩ ልጆች ከተጣለ ቆርቆሮ፣ ከአሮጌ ቱቦና ከሹካ በተሠሩ ቫዮሊኖችና ሳክስፎኖች የሚጫወት ኦርኬስትራ አላቸው። ከመሣሪያዎቻቸው የተወሰኑት እዚህ፣ ውድ ከሆኑት መሣሪያዎች እኩል፣ በክብር ተቀምጠዋል። እኔ ከፊታቸው ስቆም የታየኝ ወንድሜ ከዘይት ቆርቆሮና ከብስክሌት ሽቦ ሠርቶት የነበረው ክራር ነው። ያንን ክራር እማማ አልጣሉት እንደሆነ ቆጥ ላይ ይፈልጉልኝ። የክፍሉ የመጀመሪያ ዕቃ እሱ ቢሆን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ «እኔም እሠራለሁ» ብሎ ይመጣል።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ፤ የመጣው ሰው ለምን ይመለሳል? ዕቃው ሁልጊዜ ያው ነው። የሚለዋወጠው በዙሪያው የሚሆነው ነገር ነው። ሙዚየሙ 300 ሰው የሚይዝ የኮንሰርት አዳራሽ አለው፤ ከዚያ በላይ እኔን የሚማርከኝ ግን በዓመቱ ውስጥ አንዳንድ ቅዳሜና እሑድ ለአንድ አገር ወይም ለአንድ ባህል ሙዚቃ የሚሰጥበት ልማድ ነው። በዚያ ቀን ከሩቅ የመጣ ታዋቂ ሰው ብቻ አይደለም የሚታየው፤ እዚሁ ከተማ ውስጥ ታክሲ የሚነዳው፣ ሱቅ የሚሸጠው፣ ልጆች የሚያስተምረው ሰው የአገሩን ልብስ ለብሶ ይጫወታል፣ ጭፈራውን ያስተምራል። ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ እሱን ለማየት ይመጣል፤ ብዙዎቹ ሙዚየም ረግጠው የማያውቁ ናቸው። አንድ ጊዜ ከመጡ በኋላ ቤቱ የእነሱም ይሆናል። ጎብኚውን እየዞሩ የሚያስረዱትም አብዛኛውን ጊዜ በጎ ፈቃደኛ ጡረተኞች ናቸው፤ እርስዎንና ባልደረቦችዎን ባየኋቸው ቁጥር አስባለሁ።

የእኛ ሰፈር ይህን ለማድረግ ከማንም ይበልጥ የታደለ ነው። ከዕድሩ አዳራሽ በእግር ቢወርዱ ፒያሳ ላይ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ቴአትር አለ። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር የነሐስ ሙዚቃቸውን ያሰሙት በዚሁ ከተማ ነው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎችም ሩቅ አይደሉም፤ አንድ ተማሪ በወር አንድ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ቅኝት ቢያስተምር፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን አንድ በአንድ ለይቶ ቢያሰማ፣ ከረጅም ጽሑፍ የበለጠ ይጠቅማል። በግድግዳው ላይ ግን ታላላቆቹን ብቻ አትስቀሉ። በሰፈሩ ሠርግ አታሞ የሚመቱትን እማማዎች፣ በጥምቀት ከበሮ የሚሸከሙትን፣ በቀብር ሙሾ ያወርዱ የነበሩትን ሴቶች ድምፅ ሰብስቡ። የዕድር ክፍል ከሌላ ሙዚየም የሚለየው በዚህ ይሁን።

ሌላም የሚከነክነኝ ነገር አለ። ጎረቤቶቻችን ብዙዎቹ ከፒያሳና ከአራት ኪሎ ተነሥተው ወደ ከተማው ዳርቻ ሄደዋል፤ ለዕድር ስብሰባ ሁለት ታክሲ ይዘው የሚመጡ እንዳሉ ነግረውኛል። ስብሰባው መዋጮ ተከፍሎ የሚያልቅ ከሆነ ልጆቻቸውን ይዘው አይመጡም። ከስብሰባው በኋላ ቡና ተፈልቶ፣ ክፍሉ ተከፍቶ፣ እርስዎ በገናውን አውርደው ለግማሽ ሰዓት ቢደረድሩ ግን ልጆቻቸውንም ያመጣሉ። የመጡት ልጆች የተወለዱበትን ሰፈር በጆሯቸው ያውቁታል። እዚህ ሙዚየም መግቢያው በክፍያ ነው፤ የእናንተ ግን ለማንም በነፃ ይሁን፣ መባ የሚጥል ይጣል።

የማዳመጫው ነገር አያሳስባችሁ። ለገና ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ ሰው እጅ አንድ የድምፅ መቅጃና ስድስት የጆሮ ማዳመጫዎች እልካለሁ። አንድ አሮጌ ስልክ ከእያንዳንዱ መሣሪያ ሥር ቢቀመጥ ይበቃል። ሁዳዴ ሳይገባ እባክዎ ይህን ያድርጉልኝ፤ በመጀመሪያ በገናውን ሲቃኙ፣ ዐሥሩን ጅማት አንድ በአንድ እየነኩ ይቅዱት፣ ቅኝቱንም በአፍዎ ያስረዱ። ከዚያ አያትዎ ያስተማሩዎትን ድርደራ ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ይቅዱት። ሳልም ቢመጣብዎት፣ ውጭ የቆሎ ሻጭ ቢጣራም አያጥፉት።

በመጨረሻም ለልጅ ልጅዎ ብቻ የሚሆን አንድ ትንሽ ቅጂ ይላኩ። ውስጡ ንብ አለ ወይ ብሎ የጠየቀኝን እኔ በደንብ እንዳልመለስኩለት ፊቱ ላይ አይቻለሁ፤ እንዝራውን ከጅማቱ ሥር አውጥተው አንድ ጊዜ፣ መልሰው አስገብተው አንድ ጊዜ ይምቱና ልዩነቱን ራሱ ይስማው። የእርስዎን ድምፅ እየጠበቀ ነው።

እማማን፣ ወንድሜንና የዕድሩን አባላት ሁሉ በያሉበት ሳሙልኝ።

ናፋቂና አክባሪ ልጅዎ