የስፖርት ክበብ ዘገባ፦ ቤዝቦል በአማርኛ

የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤታችን የስፖርት ክበብ ዘንድሮ 19 አባላት ነበሩት። እንደ ወትሮው ከትምህርት በኋላ ለአንድ ሰዓት ተኩል በመናፈሻው ሜዳ ተጫውተናል። ደንቡም የቀድሞው ነው፤ ሜዳ ላይ ከአማርኛ በቀር አይነገርም። እውነቱን ለመናገር ይህ ደንብ እስከ አምና ድረስ ልጆቹን ዝም አሰኛቸው እንጂ አላናገራቸውም። እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ ተወልደው ቤዝቦል ሲጫወቱ ያደጉ ናቸው፤ ማንም ለማንም የሚያስረዳው ነገር ስላልነበረ በጥቅሻና በእጅ ምልክት ይግባቡ ነበር።

በጥቅምት ወር ከደብረ ብርሃን አንድ የ13 ዓመት ልጅ መጣልን። አባቱ ዘንድ ከመጣ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። እንግሊዝኛው ጥቂት ነው፤ በእግር ኳስ ግን የሚስተካከለው አልነበረም። ቤዝቦልን በዓይኑ አይቶ አያውቅም።

እኔ በመምህርነት ልማዴ ከሰሌዳው ጀመርኩ። ዘጠኝ ተጫዋች፣ ዘጠኝ ዙር፣ ሦስት ስትራይክ (መቺው ሳይመታ ያሳለፈው ደህና ውርወራ)፣ ሦስት ሰው ሲወጣ ቡድኖቹ ቦታ ይለዋወጣሉ እያልኩ ሃያ ደቂቃ አስረዳሁት። በትዕግሥት አዳመጠኝና «መምህር፣ ኳሱ በእጃቸው እያለ እንዴት ተከላካዮቹ እነሱ ይሆናሉ?» አለኝ። ከእግር ኳስ ለመጣ ልጅ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ የለም። በቤዝቦል ኳሱን የያዘው ቡድን ይከላከላል፤ አጥቂው ዱላ ብቻ ይዞ ይጠብቃል። ነጥብ የሚቆጠረውም ኳሱ የሆነ ቦታ ስለገባ ሳይሆን ተጫዋቹ ራሱ ሦስቱን ቤዞች፣ ማለትም በሜዳው ላይ እየረገጠ የሚያልፋቸውን ማረፊያዎች፣ ዞሮ ወደተነሣበት ሲመለስ ነው።

መልሱን ግን የሰጠሁት እኔ አይደለሁም። አምና ዓመቱን ሙሉ በክፍል ውስጥ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናግራ የማታውቅ የ11 ዓመት ልጅ ቀደመችኝ። «ኳሱ ጠላት ነው። ሩቅ ትመታዋለህ፤ እሱ ሳይመለስ አንተ ትመለሳለህ።» ያን ቀን ማታ ቃሏን እንዳለ በማስታወሻዬ አሰፈርኩት።

ሰሌዳውን ትተን ሜዳ ወጣን። ልጁ ጓንቱን በቀኝ እጁ አጠለቀ፤ ኳስ የሚቀለበው በሚበረታው እጅ መስሎታል። የመጀመሪያዋን ኳስ በሚገባ ቀለባት፤ ለመወርወር ግን ጓንቱን ማውለቅ ነበረበት። ክሩን ሲፈታ ሯጩ ሁለት ቤዝ አለፈ። አምስት ልጆች በአንድ አፍ «በግራህ! በግራህ አድርገው!» ብለው ጮኹ። የመምታት ተራው ሲደርስም ኳሷን ከአጥሩ ጥግ አደረሳት፤ ከዚያ ዱላውን እንደያዘ ወደ መጀመሪያው ቤዝ በመሮጥ ፈንታ ኳሷን ተከትሎ ነጎደ።

ምክንያቱ የገባኝ በገና ነው። ብርዱ ሜዳውን ስለዘጋብን ታኅሣሥ 29 በአዳራሹ የገና ጨዋታ እንዲያሳየን ጠየቅሁት። በእሩር ፈንታ የቴኒስ ኳስ፣ በቆልማማ ዱላ ፈንታ ያገኘነውን እንጨት ይዘን ገባን። በገና ጨዋታ ተጫዋች ከዱላው አይለይም፤ እሩሯን ይለጋታል፣ ተከትሏትም ይሮጣል። ልጁ ቤዝቦሉን የተጫወተው በሚያውቀው ጨዋታ ሕግ ኖሯል! «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውንም ያን ቀን ሁሉም በቃላቸው ያዙት፤ ወላጆች በቤት ሳይሰሙት አይቀሩም።

በመጋቢት ሜዳ ስንመለስ ቋንቋው ተለውጦ አገኘሁት። «መታ» ቀርቶ «ለጋ» ሆኗል። መቺው «ለጊ»፣ ከበስተኋላው ቁጢጥ ብሎ ኳሱን የሚይዘው «ቀላቢ» ተባለ። ስትራይክና ቤዝ እንዳሉ ቀሩ፤ ይህም አይከፋም። በመለስተኛ ሜዳችን በቤዞቹ መካከል ያለው ርቀት 60 ጫማ ነው፤ በትልልቆቹ ሜዳ 90 ነው። ልጁ ዱላውን ጥሎ ያን 60 ጫማ ለመጀመሪያ ጊዜ የሮጠው በመጋቢት ሁለተኛው ቅዳሜ ነው።

ከጎረቤት ክበብ ጋር ያደረግናቸውን ሁለት ጨዋታዎች ተሸንፈናል።

ከሁሉ ይልቅ ለእኔ የዓመቱ ትልቁ ቀን የግንቦቱ ጉብኝት ነው። የሐበሻ ምግብ ቤቶች ካሉበት ከ9ኛው ጎዳና ተነሥተን በእግራችን እስከ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሄድን። ከአባሎቻችን ሁለቱ የተወለዱበት ይህ ሆስፒታል የቆመው እ.ኤ.አ. በ1965 በፈረሰው የግሪፊዝ ስታዲየም ቦታ ላይ ነው። በዚያ ስታዲየም ሆምስቴድ ግሬይስ የተባለው የጥቁሮች ቡድን ሲጫወት ቀላቢው ጆሽ ጊብሰን ነበር። ጥቁር በመሆኑ ብቻ ወደ ዋናው ሊግ ሳይገባ እ.ኤ.አ. በጥር 1947 በ35 ዓመቱ ሞተ። ጃኪ ሮቢንሰን የተባለው ጥቁር ተጫዋች ወደ ዋናው ሊግ ገብቶ በሩን የከፈተው በዚያው ዓመት ኤፕሪል 15 ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የጥቁሮቹ ሊጎች ውጤት በዋናው መዝገብ ሲካተት ጊብሰን በ0.372 የመልጋት አማካይ (ከሺህ ሙከራ 372ቱ የተሳካ እንደማለት ነው) ከለጊዎች ሁሉ የበላይ ሆነ።

የደብረ ብርሃኑ ልጅ በጣቱ ቆጠረ። «ሦስት ወር ብቻ?» አለ። ከዚያ ሌሎቹ በአማርኛ ይከራከሩ ጀመር፤ ባቡር ጣቢያው እስክንደርስም አላቆሙም።

ለሚቀጥለው ዓመት 11 ጓንት አለን፤ ሁሉም በግራ እጅ የሚጠለቁ ናቸው። ሦስት ግራኝ ልጆች ስላሉን በቀኝ እጅ የሚጠለቅ ጓንት በቤታችሁ ካለ መስከረም ከመግባቱ በፊት ለክበቡ እንድታደርሱልን እንለምናለን።