ሞተሩ ሳይቀመጥ ሄደር የማንገጥመው ለምን እንደሆነ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከመስከረም ወዲህ ሞተር በተቀየረላቸው የድሮ መኪኖች ላይ አሠራራችንን ቀይረናል። ተገዝቶ የመጣ ዝግጁ ሄደር (ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ ተቀብሎ ወደ አንድ የሚሰበስበው የቱቦ ስብስብ) እንዳለ ተቀብለን አንገጥምም፤ ሞተሩ የመጨረሻ ቦታው ላይ ተቀምጦ ሳናይም ዋጋና ቀን በስልክ አንናገርም። በዚህ የተነሳ ለጥምቀት መኪናችሁን ይዛችሁ ጎንደር ልትወጡ አስባችሁ ከበራችን የተመለሳችሁ አላችሁ። ለውጡን አስቀድመን ማሳወቅ ሲገባን በር ላይ ከደረሳችሁ በኋላ መናገራችን ጥፋታችን ነው፤ ይቅርታ አድርጉልን።

ውሳኔውን ግን አናጥፈውም። «ጠገባችሁ» ያላችሁን ችለነዋል። «የኔን ዕቃ የማትገጥሙት የራሳችሁን ልትሸጡልኝ ነው» ያላችሁን ግን መመለስ አለብን፤ ያ ቃል ከሆዳችን አልወጣም። ይህ ጋራዥ በአንድ የብየዳ ማሽንና በአንድ ክሪክ ተጀምሮ እዚህ የደረሰው እናንተ አንዳችሁ ለአንዳችሁ ነግራችሁ በላካችሁት ሰው ነው። ስለዚህ ነገሩን ከነዝርዝሩ እናስረዳችሁ።

በብዛት የሚመጣልንን ዲኤክስ ኮሮላን እንውሰድ። ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው 4ኬ ሞተር 1290 ሲሲ ናት፤ ካርቡራተሯም የጭስ ማኒፎልዷም (ሄደር የሚተካው የጭስ መውጫ) በአንድ ጎን ነው የተደረደሩት። በቦታዋ የሚገባው 5ኤ (1498 ሲሲ) ወይም 4ኤ (1587 ሲሲ) ግን አየሩን በአንድ ጎን አስገብቶ ጭሱን በሌላው ጎን ያስወጣል። እንግዲህ ሞተሩ በተቀየረ ቀን ከሁለቱ አንዱ ወደማያውቀው ጎን ይሻገራል። በዚያ ጎን የመሪው ዘንግ፣ የፍሬን ፖምፓ፣ ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) ወይም የዘይት ፊልትሮው ሊጠብቀው ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው መኪናው ላይ ነው። በዚያ ላይ አብዛኞቹ ሞተሮች የሚመጡት የፊት ጎማ ከሚነዳ መኪና ተነቅለው ነው። እዚያ ሞተሩ በአግድም ነበር የተኛው፤ ማኒፎልዱም ለዚያ ታስቦ ነው የታጠፈው። ወደ ቁመት ሲዞር አፉ ሻንሲ ላይ ያፈጣል።

ስለዚህ «የ4ኤ ሄደር አለኝ» ሲባል ለእኛ ገና ግማሽ ወሬ ነው። ለ4ኤ-ጂኢ የተሠራ ሄደር 4ኤ-ኤፍኢ ላይ አይቀመጥም፤ ቴስታታቸው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ይለያያል፣ የጭስ ቀዳዳውና የብሎኑ ቦታ አንድ አይደለም። ቴስታታው ላይ ልክክ ያለውም ቢሆን ሌላ አገር ለሚሸጥ፣ መሪው በቀኝ ለሆነ መኪና የታጠፈ ሊሆን ይችላል። የእኛ መሪ ግራ ነው።

በቅርቡ አንድ ደንበኛችን ያመጣው ሄደር እንደ መስታወት የሚያበራ ነበር። ፍላንጁ (ቴስታታው ላይ የሚታሰረው ጠፍጣፋ ብረት) ውፍረቱ 6 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ጫንንበት፤ በ2ኛውና በ3ኛው ቀዳዳ መካከል ብርሃን ያሳልፋል። ባለ 0.8 ሚሊሜትሩ የክፍተት መለኪያ ቅጠል ሳይነካ ገባ። የእኛ ገደብ 0.3 ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ጓርኒሲዮኑ (በመሃል የሚገባው ማሸጊያ) አዲስ ቢሆን፣ ዳዶው የቻለውን ያህል ቢጠብቅ ጭስ ማፈትለኩ አይቀርም። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ «ጢክ ጢክ» ይላል፣ ብረቱ ሲሞቅ ድምፁ ይጠፋል፤ ባለቤቱም «ዳነ» ብሎ ይነዳል። እኛ ፍላንጅ የምንቆርጠው ከ10 ሚሊሜትር ላሜራ ነው። ስንበይደው አሮጌ ቴስታታ ላይ አጥብቀን አስረን ነው፤ ከብየዳ በኋላም ፊቱን ቶርኖ ቤት ልከን እናስተካክላለን። ዋጋው የሚጨምረው አንዱ እዚህ ጋ ነው።

ጭስ ማፈትለክን እንደ ድምፅ ችግር ብቻ አትዩብን። ሞተር ሲቀየር ሞተሩን ከካቢና የሚለየው ላሜራ ለገመድ ይበሳል፣ ቀዳዳውም ብዙ ጊዜ ሳይደፈን ይቀራል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። የኋላ ወንበር ላይ ልጆች የሚጭን ሰው መኪና ላይ በግምት የምንሠራው ነገር የለም፤ ብትቆጡንም።

አሁን ወደ ቦታ ጉዳይ። ሞተር የጎማ መቀመጫ ላይ ተንጠልጥሎ የሚኖር ነገር ነው፤ ነዳጅ ሲረገጥ ይወዛወዛል። ብረት ደግሞ ሲሞቅ ይረዝማል፦ ግማሽ ሜትር ተራ የብረት ቱቦ ሙቀቱ በ500 ዲግሪ ሲጨምር 3 ሚሊሜትር ያህል፣ አይዝጌ ብረት ከሆነ ከ4 ሚሊሜትር በላይ ይረዝማል። ለዚህ ነው ከመሪ ዘንግ፣ ከፍሬን ቱቦና ከኤሌክትሪክ ገመድ 25 ሚሊሜትር፣ ከሻንሲ ቢያንስ 12 ሚሊሜትር ካልተረፈ ሥራውን የማናስረክበው። የፍሬን ቱቦ አጠገብ የጋለ ሄደር ካለ ዘይቱ ይፈላል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላበት ዝቅተኛ ልክ 205 ዲግሪ ነው፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን 140 ድረስ ይወርዳል። ጣና ዳር ክረምቱን ሙሉ ያረጠበ ዘይት ይዞ ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሲወርድ ምን እንደሚሆን እናንተው ታውቁታላችሁ። ሞተሪኖም እንዲሁ ነው፤ ሄደር ከተጠጋው ጠዋት ያስነሳል፣ ነዳጅ ማደያ ቆማችሁ ስትመለሱ ግን አይዞርም። ያኔ ብዙ ሰው ባትሪ ይቀይራል፣ ችግሩ ግን ባትሪው ጋ አልነበረም።

የቱቦ ስፋት ላይም ተከራክረናል። «ሰፋ ያለው ይሻላል» የሚል እምነት አለ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ አገር በአምስተኛ ያህል ያንሳል። ሞተሩ የሚያስገባው አየር ሲያንስ የሚያስወጣውም ጭስ ያንሳል፤ በሰፊ ቱቦ ውስጥ ጭሱ ፍጥነቱ ይሞታል፣ መኪናውም ከታች ጉልበት ያጣል። ለ1300 ሲሲ በውጭ ስፋቱ 35፣ ለ1500 እና 1600 ሲሲ 38 ሚሊሜትር ቱቦ በቂ ነው፤ ከመገናኛው በኋላ እስከ ማርሚታው (ድምፅ ማፈኛው) ከ45 እስከ 50። ዝግጁ ሆነው የሚመጡት ብዙዎቹ 42 እና ከዚያ በላይ ናቸው። አራቱን ቱቦ በአንዴ ወደ አንድ የሚያገናኘው ዓይነት ለከፍተኛ ዙር ይመቻል። እኛ የምንመክረው መጀመሪያ ሁለት ሁለቱን፣ ቀጥሎ ሁለቱን ወደ አንድ የሚያመጣውን ነው፤ ሰው ጭኖ ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ለሚወጣ መኪና ጉልበቱ የሚፈለገው በመካከለኛ ዙር ነውና። መገናኛው ከካምቢዮው መስቀለኛ ብረት በታች እንዳይወርድም እንጠነቀቃለን፤ ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ዘጌ ሲኬድ የመጀመሪያው ድንጋይ የሚያገኘው እሱን ነው።

ይህን ሁሉ በስልክ መለካት አይቻልም። ሞተሩ በመጨረሻ የጎማ መቀመጫዎቹ ላይ ከነካምቢዮው ተቀምጦ፣ መሪው፣ የፍሬን ፖምፓው፣ ሞተሪኖውና ራዲያተሩ ታስረው መምጣት አለበት። ሞተሩን በማንሻ ግራና ቀኝ ገፍተን የሚንቀሳቀስበትን እናያለን፣ የቱቦውን መንገድ በወፍራም ሽቦ እንቀርጻለን፣ ካንዴላ መፍቻ መግባቱንና የዘይት ፊልትሮ መውጣቱን እንሞክራለን። ቱቦውን በነጥብ ብየዳ ብቻ አያይዘን እንደገና መኪናው ላይ እናስገባለን፤ ሙሉ ብየዳው ከዚያ በኋላ ነው። ኢንጀክሽን ያለው ሞተር ከሆነ የኦክስጅን ሴንሰሩ መቀመጫ ከመገናኛው በኋላ፣ ወደ ላይ ዘንበል ብሎ ይበየዳል፤ ወደ ታች ካየ ውሃ ይጠራቀምበትና ይሞታል። ከኋላው የሚተጣጠፍ ቱቦና የጎማ መስቀያ እንጨምራለን። ቱቦውን ሻንሲ ላይ በደረቁ ያሠረ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ፍላንጁ ሥር የተሰነጠቀ ብየዳ ይዞ ይመጣል። ብሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር በሦስት ዙር እናጠብቃለን፣ ሞተሩ ሞቆ ሲቀዘቅዝ ደግመን እናያቸዋለን። በሙቀት መከላከያ ጨርቅ ጠቅልሉልን የምትሉ አላችሁ፤ ተራ ብረት ላይ እርጥበት ይዞ ከውስጥ ስለሚያዝገው ሞተሪኖው አጠገብ በላሜራ መጋረድ እንመርጣለን።

ዋጋውን በተመለከተ፣ የምንጠቀምበት ቱቦም የብየዳ ሽቦም ከውጭ የሚገባ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ሲወሰን 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ አቅራቢዎቻችንም አልጠበቁንም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የተጀመረ ብየዳ ይቆማል። የእጅ ዋጋችንን የጨመርነው ከዕቃው ያነሰ ነው፤ ደረሰኞቹን ለማየት የፈለገ መጥቶ ያገላብጥ።

ለመለካት ገንዘብ አንቀበልም። ከለካን በኋላ ዋጋውን ጽፈን እንሰጣለን፣ ግማሹ ቀብድ ነው፣ መብራት ካለ በ5 የሥራ ቀን እናደርሳለን። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ብሎኖቹን በነጻ እናጠብቃለንና መምጣቱን አትርሱ።

ሄደር ገዝታችሁ ቤት ያስቀመጣችሁም ይዛችሁት ኑ። ፍላንጁ ቀጥ ያለና ወፍራም ከሆነ ቆርጠን እንጠቀምበታለን፤ ደህና የታጠፈ ቱቦ ካለውም እንዲሁ፣ ሂሳቡን ከዋጋው ላይ እንቀንሳለን። የማይሆን ከሆነ ማስመሪያውን ጭነን እዚያው እናሳያችኋለን። ከጥምቀት በፊት የመለስናችሁ ወረፋ ሳትጠብቁ ቅድሚያ ታገኛላችሁ፤ ስትደውሉ ያንን ንገሩን።

ከአክብሮት ጋር
የጋራዡ ባለቤትና ሠራተኞች
ባሕር ዳር