ለአባባ፦ ስለ ባሕር መብራቶችና ስለ ጓሮው ክፍል

ሐዋሳ

ለተከበሩ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነ? እኔም ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ከናፍቆትዎ በስተቀር የጎደለብን የለም። እሑድ በስልክ የጀመርኩትን፣ ሌሊት ብቻዎን አይደሩ የሚለውን ነገር «ተይው እባክሽ» ብለው ስለዘጉብኝ በደብዳቤ ልጨርሰው ብዬ ነው። ደብዳቤ እንደ ስልክ አይዘጋም። ቢበዛ ከትራስ ሥር ይገባል፤ እንቅልፍ እምቢ ሲል ደግሞ ተመልሶ ይወጣል።

መውደቅዎን የነገረችኝ ጎረቤታችን ናት። ሌሊት ከመታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ አዳልጥዎት እስኪነጋ ድረስ ሲሚንቶው ላይ መቆየትዎን፣ ጠዋት በሩ አልከፈት ቢላት በመስኮት አጮልቃ እንዳየችዎት ሁሉንም አጫወተችኝ። እርስዎ ግን ሳምንት ሙሉ «ደህና ነኝ፣ ናዝሬት ብቻ ሙቀቱ በረታ» ሲሉኝ ሰነበቱ። አዳማ ካሉት እንኳ ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ምን ቀረው? እሱን ግን ተውኩት።

አሁን ስለ ሌላ ነገር ላውጋዎት። በልጅነታችን ከአሰብ ይዘውልን ይመጡ የነበረውን ወሬ ያስታውሳሉ? የጭነት መኪናዎን፣ ኤንትሬዋን፣ ወደቡ ላይ አቁመው የጭነት ተራ ሲጠብቁ ከመርከበኞች የሰሙትን። «ሦስት ሰዎች ነበሩ» ብለው ነበር የሚጀምሩት። በባሕር መካከል ባለች ደሴት ላይ፣ መርከቦች ከቋጥኝ እንዳይጋጩ በማማ ላይ የሚበራ መብራት የሚጠብቁ ሦስት ሰዎች። መርከብ ስንቅ ይዞ ሲደርስ ምሳው ግማሹ ተበልቶ ገበታ ላይ ቀርቷል፣ ወንበሩ ተገልብጧል፣ ሰው ግን የለም። እኛ ብርድ ልብሱን እስከ ዐይናችን ስበን «ከዚያስ?» ስንል እርስዎ «ከዚያማ ባሕር ያውቃል» ይሉና ኩራዙን እፍ ያደርጉታል። ወንድሜ ከዚያ ወዲህ ሌሊት ብቻውን ደጅ አልወጣም፤ ጣጣው የተረፈው ለእኔ ነው።

ዘንድሮ ለተማሪዎቼ የባሕር ካርታ ምልክቶችን ሳዘጋጅ ታሪኩን አገኘሁት። እውነተኛ ነው አባባ፤ ገበታውና ወንበሩ ብቻ ናቸው ውሸት። ቦታው ከስኮትላንድ በስተ ምዕራብ ያሉት የፍላናን ደሴቶች ናቸው፤ ጊዜው ዲሴምበር 1900 ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎት)። ማማው ከተለኮሰ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። ጠባቂዎቹ ጄምስ ዱካት፣ ቶማስ ማርሻልና ዶናልድ ማካርተር ይባላሉ። በ15ኛው ቀን ሌሊት በዚያ ያለፈ መርከብ መብራቱን አላየም። ተተኪ የሚያመጣው መርከብ በአየሩ ክፋት ዘግይቶ በ26ኛው ቀን ደረሰ፤ ጆሴፍ ሙር የሚባለው ጠባቂ ቀድሞ ወደ ላይ ወጣ። በሩ ተዘግቷል፣ ምድጃው ቀዝቅዟል፣ ሰዓቱ ቆሟል። መብራቱ ግን ተወልውሎና ዘይት ተሞልቶ ለማታ ተዘጋጅቷል፤ የማብሰያ ዕቃውም ታጥቦ ተቀምጧል። የተገለበጠውን ወንበርና ያልተበላውን ምሳ የጨመረበት በ1912 ስለ ጉዳዩ የጻፈ አንድ እንግሊዛዊ ገጣሚ ነው። የእርስዎ መርከበኛ ያወጋዎት እንግዲህ ግጥሙን ነበር ማለት ነው።

እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ከሦስቱ የዝናብ ካፖርቶች ሁለቱ ከሰዎቹ ጋር ሄደዋል፤ የማካርተር ካፖርት ከመስቀያው ላይ ተገኘ። በዚያ ብርድ በሸሚዝ ብቻ ነው የወጣው። በምዕራቡ መውረጃ በኩል ደግሞ ከባሕሩ 33 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የነበረ የገመድ ሣጥን ተሰብሮ፣ የብረት አጥሩ ተጣሞ ተገኝቷል። ጉዳዩን የመረመረው አለቃቸው ሰዎቹን ከባድ ማዕበል ጠራርጎ ወሰዳቸው ብሎ ደመደመ። ማካርተር መብራቱን ጥሎ መውጣት የለበትም፤ ደንቡ ይከለክላል። እኔ እንደምገምተው ጓደኞቹ ላይ የደረሰውን አይቶ ካፖርት ለማንሣት እንኳ ጊዜ ሳያገኝ ሮጠ። መናፍስቱን፣ ግዙፉን የባሕር ወፍ፣ ሰዎች በኋላ የጨማመሩትን ሁሉ ትቼ ይህችን አንዲት ካፖርት ነው የማምነው።

ሦስት ሰው የሚለው ቁጥር ራሱ ታሪክ አለው። ቀድሞ ሁለት ነበሩ። በዌልስ ዳርቻ ስሞልስ በሚባለው ቋጥኝ ላይ ከእንጨት ምሰሶ የተሠራ ማማ ነበር፤ ነዳፊው፣ ይገርምዎታል፣ የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪ ነው። በ1801 አካባቢ ሁለት ጠባቂዎች፣ ቶማስ ሃውልና ቶማስ ግሪፊት፣ እዚያ ሳሉ ግሪፊት ሞተ። ሁለቱ ሲጣሉ ሰው ያውቃል። ሃውል ሬሳውን ባሕር ውስጥ ብጥለው ገድሎት ነው ይሉኛል ብሎ ፈራ። ስለዚህ ሣጥን ሠርቶ ሬሳውን አስገባና ከማማው ውጭ አሰረው። አየሩ ከፍቶ ለሳምንታት ጀልባ መቅረብ አልቻለም። ነፋሱ ሣጥኑን ሰባበረው፤ የሟቹም ክንድ በንፋሱ እየተወዛወዘ በሩቅ የሚያልፉ መርከቦች ሰላምታ መስሏቸው ሄዱ ይባላል። ሃውል በዚህ ሁሉ መሐል መብራቱን አንድ ሌሊት አላጠፋም። ሲወርድ ግን ወዳጆቹ እንኳ መልኩን መለየት አቃታቸው። ከዚያ ወዲህ ነው በእንዲህ ያለ ቦታ ጠባቂ ከሦስት እንዳያንስ የተደረገው።

መቼም አሁን ወዴት እየነዳሁ እንደሆነ ገብቶዎታል። ሃያ ስንት ዓመት በአዋሽ፣ በገዋኔ፣ በሚሌ፣ በቡሬ አድርገው አሰብ ሲወርዱ ያለ ረዳት ወጥተው ያውቃሉ? ጎማ የሚቀይረውን፣ ዳገት ላይ ታኮ የሚያስገባውን፣ እንቅልፍ ሲጥልዎ የሚያወራዎትን ትተው? «ረዳት የሌለው ሹፌር እብድ ነው» ያሉት ራስዎ ነዎት።

የሚመልሱልኝንም አውቃለሁ፤ «እኔ አልደከምኩም» ነው። እንዲያውም ለሙግትዎ የሚሆን ሰው አለ፤ ከምደብቅብዎ ልንገርዎት። ሄንሪ ሆል ይባላል። ከእንግሊዝ ደቡብ ዳርቻ ኤዲስቶን የሚባል መርከብ የፈጀ ቋጥኝ አለ። እዚያ ላይ የመጀመሪያውን ማማ የሠራው ዊንስታንሊ ጉረኛ ቢጤ ነበር፤ ታላቁ ማዕበል ሲመጣ በውስጡ ሆኜ ባየሁት እያለ ይመኝ ነበር። በኖቬምበር 1703 ማዕበሉ መጣ፤ ነግቶ ሲታይ ማማውም ዊንስታንሊም የሉም። ሄንሪ ሆል ጠባቂ የነበረው በቀጣዩ፣ በእንጨቱ ማማ ነው። በ1755 ጣሪያው በእሳት ሲያያዝ ዕድሜው 94 ነበር ይባላል። ቀና ብሎ በባልዲ ውሃ ወደ ላይ ሲረጭ ከጣሪያው የቀለጠ እርሳስ በአፉ ገባ። በጀልባ ከወረዱ በኋላ እርሳስ ውጫለሁ ቢል ሐኪሙ አላመነውም። በ12ኛው ቀን ሞተ፤ ሲከፈት ከሆዱ ውስጥ 200 ግራም ያህል የሚመዝን የእርሳስ ጉማጅ ወጣ። ዛሬም በስኮትላንድ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጧል። ግን ልብ ይበሉ፣ በ94 ዓመቱም ብቻውን አልነበረም፤ ጓደኞች ነበሩት።

ስለ እስክንድርያው ማማ ብዙ አልነግርዎትም፤ በሰንበቴ ላይ እርስዎ ራስዎ ሲያወሩት ሰምቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምርልዎት። ዐረቦች እንደሚተርኩት በጫፉ ላይ የቁስጥንጥንያን መርከቦች ከሩቅ የሚያሳይ መስተዋት ነበረበት። የሮም ንጉሥ ያንን ሊያጠፋ ፈልጎ አንድ ሰላይ ላከ፤ ሰላዩም ከሥሩ ወርቅ ተቀብሯል ብሎ ኸሊፋውን አሳመነና ማማውን ከላይ አስፈረሰው። ወርቁ አልተገኘም። በርግጥ ማማውን የጨረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው፤ በ1303 እና በ1323 የደረሱት ከባዶቹ ናቸው። ከፍርስራሹ ድንጋይ ሱልጣን ቃይትባይ በ1477 ምሽግ ማሠራት ጀመረበት፤ ምሽጉ እስከ አሁን አለ።

በቀይ ባሕር ያሉትስ? ጂዳ ላይ 133 ሜትር ቁመት ያለው ማማ ቆሟል፤ ከዓለም ረጅሙ እሱ ነው። እርስዎ የሚያውቁት ባሕር ግን ወደ ታች ያለው፣ በሐኒሽ በኩል ያለው ነው። በዚያ ባሉት ደሴቶች ላይ በ1900ዎቹ መጀመሪያ መብራቶቹን ያሠራው ለአንድ የፈረንሳይ ኩባንያ ፈቃድ የሰጠው የቱርክ መንግሥት ነው። ኤርትራና የመን በሐኒሽ ተጋጭተው በ1998 የግልግል ፍርድ ሲሰጥ ማን እንደሠራቸው፣ ማን ዘይት እንደከፈለላቸው በችሎቱ በሰፊው ተነሥቷል። ዳኞች ተቀምጠው የፋኖስ ዘይት ደረሰኝ ሲያገላብጡ ይታየኛል።

አንዱን ደግሞ ለእኔ ስል ነው የምጽፈው። አሜሪካ ሜይን ውስጥ ማቲኒከስ በሚባል ቋጥኝ ላይ አቢ በርገስ የምትባል ልጅ ነበረች። በጃንዋሪ 1856 አባቷ ስንቅ ሊያመጣ ሄደና ማዕበል መመለሻ ነሣው። እናቷ ታማ ተኝታለች፣ ከእሷ በታች ትናንሽ እኅቶች አሉ፤ እሷ ገና 16 ዓመቷ ነው። ባሕሩ ደሴቲቱን ሲያጥለቀልቅ በጉልበቷ ውሃ እየገመሰች ወጥታ ዶሮዎቹን በቅርጫት ሰብስባ አመጣች፤ አንዷ ብቻ አመለጠቻት። ወዲያው ቀጥሎ የመጣው ማዕበል የዶሮውን ቤት ጠርጎት ሄደ። ለአራት ሳምንት ያህል የሁለቱን ማማ መብራት ሳታጠፋ ቆየች። እርስዎ ዶሮዎችዎን እንዴት እንደሚሳሱ ስለማውቅ ነው ይህን የማወራው። ለእነሱ ሌሊት ሁለት ጊዜ ባትሪ ይዘው ይወጣሉ፤ ለራስዎ ግን ጠባቂ አልፈልግም ይላሉ።

እዚህ ሐዋሳ መቼም ሐይቅ እንጂ ባሕር የለም፤ ማማም የለም። አሞራ ገደል ዓሣ ልገዛ ወርጄ አንዱን ዓሣ አጥማጅ በጨለማ መመለሻውን በምን እንደሚያውቅ ጠየቅሁት። መረቡን እያራገፈ፣ እጁ በቆሮሶ ቅርፊት ተለብጦ፣ «በሆቴሎቹ መብራት ነዋ» አለኝ። የከተማው መብራት ሲጠፋስ? «ጄኔሬተር እስኪያስነሡ እንጠብቃለን።» ጉማሬ ስላለ በጭፍን መቅዘፍ አይሞከርም። ብቻህን ትወጣለህ ወይ ስለው መልስ እንኳ አልሰጠኝም፤ ጀልባው ውስጥ ወደተቀመጠው ወንድሙ ዞሮ ሳቀ።

የመጨረሻ መከራከሪያዎ ደግሞ ይህ ነው የሚሆነው፤ «ዛሬ ማማዎቹ ሁሉ ያለ ሰው ይበሩ የለ?» እውነት ነው። ስዊድናዊው ጉስታፍ ዳሌን ሲጨልም ራሱን የሚያበራ፣ ሲነጋ ራሱን የሚያጠፋ መብራት ሠርቶ በ1912 የኖቤል ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት በጋዝ ፍንዳታ ዐይኑ ጠፋ፤ እንደዚያም ሆኖ እስኪሞት ድረስ፣ እስከ 1937፣ ድርጅቱን መራ። በብሪታንያ የመጨረሻው ጠባቂ በ1998 ወጥቷል። ነገር ግን የእንግሊዞቹን ማማዎች ዛሬ ሃሪች ከተማ ባለ ጽሕፈት ቤት የተቀመጡ ሰዎች ሌት ተቀን ይከታተሏቸዋል፤ አምፑል ሲበላሽ ማሽኑ ራሱ ያሳውቃቸዋል። እርስዎ ግን ተበላሽተውም አያሳውቁም፤ ስልክም አያነሡም።

ስለዚህ ነገሩ እንዲህ ነው። የእኅቴ ልጅ አዳማ ዩኒቨርሲቲ ደርሶታል። ዶርም ሊገባ ነበር፤ እኔና እኅቴ ተነጋግረን እርስዎ ዘንድ እንዲያድር አሰብን። የጓሮው ክፍል ይበቃዋል። ሬዲዮዎን አይነካም፣ ዜና ሲሰሙ አያወራም፣ እንጀራ ራሱ ይገዛል። ሲጋራ አያጨስም፤ ጠይቄዋለሁ። ሥራው አንድ ብቻ ነው፦ ሌሊት ተነሥተው ሲወጡ ድምፅዎን ሰምቶ መነሣት። እንቅልፉ ከባድ እንዳይሆን ፈርቼ ነበር፤ እናቱ ቀላል ነው ብላለች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል። ክፍሉ ውስጥ ያከማቹትን አሮጌ ጎማና የኤንትሬዋን መለዋወጫ ሁሉ ወደ አንድ ጥግ እንዲገፋልዎ ለጎረቤታችን ልጅ ነግሬያለሁ፤ እርስዎ እንዳያነሡ። ቁልፉ የእማዬ ፎቶ ኋላ ካልሆነ ከሩዝ ጣሳው ውስጥ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ላይ የሚነጠፍ ጎማ ነገርና በግድግዳው ላይ የሚመታ የእጅ መያዣ ብረት ልጁ ይዞ ይመጣል፤ ሠራተኛ ጠርቶ ያስመታዋል፣ ሒሳቡን እኔ ልኬያለሁ። እንዳይመልሱት።

ልጅዎ