ሴት መሐንዲሶች ሳይት ይውጡ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ልጄ ዘንድሮ በሲቪል ምህንድስና ተመርቃለች። ለተግባር ልምምድ የተመደበችበት ድርጅት ግን ቢሮ አስቀምጦ ወረቀት ሲያስገለብጣት ከረመ። «የሳይት ፀሐይ ይከብድሻል» አሏት። እዚያው ሳይት ላይ አሸዋና ድንጋይ የሚሸከሙት እናቶች ናቸው! ለእነሱ የድሬ ፀሐይ አይከብድም?

ነገሩ የቆየ ነው። ኒውዮርክ ያለው የብሩክሊን ድልድይ ሲሠራ ዋና መሐንዲሱ ዋሽንግተን ሮብሊንግ ታሞ ቤት ዋለ። ሚስቱ ኤሚሊ ስለ ድልድይ ገመድና ስለ ቁሳቁስ ጥንካሬ አጥንታ፣ ትእዛዙን ሳይት ድረስ እያደረሰች፣ ሥራውን ከአሥር ዓመት በላይ ተከታተለች። ድልድዩ በ1883 እ.ኤ.አ. ተመረቀ። ኖራ ስታንተን ብላች ደግሞ በ1905 እ.ኤ.አ. ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በሲቪል ምህንድስና ተመረቀች። የአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር ግን ከፍ ያለውን አባልነት ከለከላት። ክብሯን የመለሰላት በ2015 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከሞተች ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ። ያሳዝናል።

ድሬዳዋ ጎበዝ መሐንዲስ የምትፈልግ ከተማ ናት። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። የጎርፍ መከላከያ ግንብ መሠረቱ በውኃ መቦርቦሩን፣ ኮንክሪቱ ሲቦካ ውኃ መብዛቱን የሚያየው ቦታው ላይ የቆመ ሰው ነው። ይህን ቢሮ ተቀምጦ መማር አይቻልም።

ተቋራጮች ሴት ተለማማጆችን ከመጀመሪያው ቀን ሳይት ያሰማሩ። መጸዳጃ፣ ልብስ መቀየሪያና በልካቸው የሆነ የሥራ ጫማም ያዘጋጁ። እናንተም ሳይት የሚውሉ ሴት መሐንዲሶቻችንን አነጋግራችሁ አስነብቡን።

የተመራቂ እናት፣ ከድሬዳዋ